የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላትን በክፍለ ቃል መክፈልና የጫና ቦታቸውን መለየት፦ ዝርዝር መመሪያ

በሐዋሳ አሞራ ገደል የሚሠራ አስጎብኚ በአንድ ጠዋት «ፊሽ ማርኬት»፣ «ፊሽ ኢግል» እና «ፊሽ ሱፕ» የሚሉትን ሦስት ስያሜዎች ደጋግሞ መጥራቱ አይቀርም። ገበያው፣ ዓሣ አዳኙ ንስር እና ሾርባው ሦስቱም በ«ፊሽ» ይጀምራሉ፤ በጽሑፍም ሦስቱም ሁለት ሁለት ቃል ናቸው። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሲጠራቸው ብናዳምጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምፁ «ፊሽ» ላይ ከፍ ብሎ ቀሪው ላይ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ግን ዋናው ክብደት ወደ «ሱፕ» ይሻገራል። ይህ በተናጋሪው ስሜት የሚወሰን ነገር አይደለም፤ ሊጠናና በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ጆሮ ውስጥ ሊገባ የሚችል ሥርዓት አለው።

ይህ መመሪያ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ደረጃ ይጀምራል። የተጻፈውም እንግሊዝኛን በሥራቸው ለሚጠቀሙ አስጎብኚዎችና እንግዳ ተቀባዮች፣ ለቋንቋ መምህራን፣ እንዲሁም ማንበብና መጻፉን ችለው ንግግራቸው ግን ለሰሚው የሚከብድባቸው ተማሪዎች ነው። የሚመራንም ሐሳብ ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛ ጥምር ስም ውስጥ የነገሩን ምንነት የሚናገረው ቃል እንደ አማርኛው ሁሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ጫናው (ድምፁ ጎልቶ የሚያርፍበት ክብደት) ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንን ነገር ከሌሎች ወገኖቹ በሚለየው በፊተኛው ቃል ላይ ያርፋል። «የዓሣ ገበያ» ከከብት ገበያ የሚለየው በ«ዓሣ» ስለሆነ፣ እንግሊዝኛው ድምፁን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የሚከተሉትን ምልክቶች እንጠቀማለን። የሁለቱ ቃላት መጋጠሚያ በ«/» ይታያል፤ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ያሉ ክፍለ ቃላት በ«-» ይለያያሉ። መምህራን በተለምዶ ስትረስ የሚሉት ዋናው ጫና ያረፈበት ክፍለ ቃል በ«●»፣ ሁለተኛ ደረጃ ጫና ያለው በ«○»፣ ምንም ጫና የሌለው ደካማ ክፍለ ቃል ደግሞ በ«·» ይታያል። ለምሳሌ «ክላስሩም» ክላስ/ሩም ● ○ ተብሎ ይጻፋል፤ «ኒውስፔፐር» ደግሞ ኒውስ/ፔ-ፐር ● ○ · ይሆናል።

ደረጃ አንድ፦ ጆሮን ከፊደል ማላቀቅ

ክፍለ ቃል የሚቆጠረው በአናባቢ ድምፅ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ስንት አናባቢ ድምፅ ከተሰማ ያን ያህል ክፍለ ቃል አለ። ይህ ቀላል ሕግ ነው፤ ሆኖም እኛን ከሁለት አቅጣጫ የሚያሳስት ነገር አለ፤ አንዱ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሲሆን ሌላው የራሳችን ፊደል ነው።

የእንግሊዝኛው አጻጻፍ የማይነበብ «ኢ» ፊደል በቃላት መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ቃሉ ብቻውን ሲሆን ማንም አይሳሳትም፤ ነገር ግን ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ያ ፊደል መሐል ገብቶ እንደሚነበብ መስሎ ይታያል። «ሆምዎርክ»፣ «ቤዝቦል» እና «ኖትቡክ» በሙሉ ሁለት ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ አላቸው። «ሌክሳይድ» እንዲያውም ሁለት የማይነበቡ «ኢ»ዎች አሉት፤ አንዱ መሐል፣ ሌላው መጨረሻ ላይ፤ ሲነበብ ግን ሌክ/ሳይድ ● ○ ነው።

የእኛ ፊደል የሚያሳስተው በተቃራኒው መንገድ ነው። በአማርኛ አጻጻፍ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ ደግሞ ባዶ ተነባቢ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አንባቢው ነው። ስለዚህ «ብላክበርድ» ብለን ስንጽፍ ስድስት ፊደል እናያለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ክፍለ ቃሉ ሁለት ነው። በተለይ በመነሻ ላይ ሁለት ተነባቢዎች ሲከታተሉ ምላሳችን በመካከላቸው ትንሽ አናባቢ ማስገባት ይቀናዋል፤ «ብላክ» የሚለው አንድ ክፍለ ቃል በብዙዎቻችን አፍ ሁለት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህች ትርፍ አናባቢ ስትገባ ቃሉ ሦስት ክፍለ ቃል ይኖረዋል፤ የጫናው ምት ይዛባል፤ ሰሚውም የሚጠብቀውን ቅርጽ ያጣዋል። በ«ላይትሃውስ» ውስጥ ያሉት «ይ» እና «ው» እንዲሁ ራሳቸውን የቻሉ ክፍለ ቃላት አይደሉም፤ ከፊታቸው ካለው አናባቢ ጋር ተጣብቀው አንድ ተንሸራታች ድምፅ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ስድስት ፊደል ያለው ይህ ቃልም ላይት/ሃውስ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል።

የመቁጠሪያው ዘዴ ቀላል ነው። መዳፍን ከአገጭ በታች ያድርጉና ቃሉን ቀስ ብለው ይጥሩት፤ አገጭ መዳፉን በነካ ቁጥር አንድ ክፍለ ቃል ይቁጠሩ። ዘዴው የሚሳነው በአንድ ቦታ ነው፤ እንደ «ቴብል» እና «ቦትል» ያሉ ቃላት መጨረሻ ላይ ያለው «ል» አናባቢ ሳይኖረው ክፍለ ቃል ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ «ታይምቴብል» ታይም/ቴ-ብል ● ○ · ሲሆን ቁጥሩ ሦስት ነው።

ደረጃ ሁለት፦ መጋጠሚያውን ማግኘትና በመጋጠሚያው ላይ የሚሆነውን ማወቅ

ጥምር ቃል ሲከፈል የመጀመሪያው ክፍፍል ሁልጊዜ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው፤ ሌላው ክፍፍል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህንን ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ሰው በጣም ከሚያሳስቱት ጥንዶች ጋር ይጋጫል። የእንግሊዝኛ ፊደሎች «ቲ» እና «ኤች» ጎን ለጎን ሲጻፉ ብዙውን ጊዜ አንድ ድምፅ ናቸው፤ «ፒ» እና «ኤች» ደግሞ «ፍ» ተብለው ይነበባሉ። መጋጠሚያ ሲያልፍባቸው ግን ሁለቱም ፊደል በየራሱ ይነበባል። «ፖትሆል» ፖት/ሆል ነው፤ «ሉፕሆል» ሉፕ/ሆል ነው፤ የሐዋሳውን ታቦር ተራራ ለእንግዳ ሲያሳዩ የሚጠቅመው «ፉትሂል»ም ፉት/ሂል ነው። መጋጠሚያውን ያላየ አንባቢ «ሉፕሆል»ን «ሉፎል» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም፤ ፊደሉ እንዲያ እንዲያነብ ጋብዞታልና። የማይታዘዝ ቃል ግን አለ፤ «ሼፐርድ» ከበግና ከእረኛ የተጣመረ ቢሆንም በዘመን ብዛት «ህ» ድምፁን ጥሏል።

ተመሳሳይ ተነባቢዎች በመጋጠሚያው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ከብዙ ሌሎች ተማሪዎች ይልቅ ዕድለኛ ነው። «ቡክኬዝ»፣ «ሩምሜት» እና «በስ ስቶፕ» ሲጠሩ ሁለቱ ተነባቢዎች ተለያይተው አይነገሩም፤ አንድ ሆነው ይረዝማሉ። ይህ እኛ ጥብቀት የምንለው ነው፤ ልደትን «ገና» ብለን ስንጠራ «ና»ን እንደምናጠብቀው ማለት ነው። ስለዚህ «ሩምሜት» ላይ «ም»ን አጥብቆ መጥራት ብቻ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተቃራኒውን እንዳናደርግ ነው፦ እንግሊዝኛ በነጠላ ቃል ውስጥ ፊደል ደርቦ ቢጽፍም ድምፁን አያጠብቅም። «ሰመር» እና «ዲነር» በጽሑፍ ድርብ ፊደል አላቸው፤ ሲነገሩ ግን «መ» እና «ነ» ይላላሉ። ስለዚህ ጥብቀት ከሰማን መጋጠሚያ አለ ማለት ነው፤ ድርብ ፊደል ማየት ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስት ተነባቢዎች በመጋጠሚያው ላይ ሲከማቹ የእኛ ምላስ እንደ ልማዱ አናባቢ መጨመር ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ያው ችግር ሲገጥመው መፍትሔው ሌላ ነው፤ መሐል ያለውን «ት» ወይም «ድ» ይጥለዋል። «ፖስትካርድ» በተለመደው ፍጥነት «ፖስካርድ»፣ «ግራንድማዘር» ደግሞ «ግራንማዘር» ይሆናል፤ «ሃንድባግ» ጭራሽ «ሃምባግ» ወደሚለው ይጠጋል። እነዚህን ጥሎ መጥራት ስንፍና የሚመስላቸው መምህራን አሉ፤ እኔ ግን ትርፍ ክፍለ ቃል ከመጨመር «ት»ን መጣል እጅግ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የተጣለውን ተነባቢ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል፤ የተጨመረው ክፍለ ቃል ግን የቃሉን ምት ይለውጠዋል።

ደረጃ ሦስት፦ ጥምር ቃል ነው ወይስ ሐረግ?

ጫናውን ከመወሰን በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱንም በአጻጻፉ ላይ መፈለግ ዋጋ የለውም። ጥምር ቃላት አንዳንዶቹ ተጣብቀው፣ አንዳንዶቹ በሰረዝ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ «ፉትቦል» ተጣብቆ «በስ ስቶፕ» ተለያይቶ ቢጻፍም በድምፅ ግን ሁለቱም እኩል ጥምር ናቸው። መፈተሽ ያለበት ትርጉሙ ነው።

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚመጣው መንገድ ባቱ አካባቢ የሚታዩትን የአበባ እርሻ የፕላስቲክ ቤቶች እንውሰድ። በእንግሊዝኛ «ግሪንሃውስ» ይባላሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ግን አረንጓዴ አይደሉም፤ የሚያብረቀርቁ ነጭ ናቸው። ቃሉ ቀለም እየገለጸ አይደለም፤ የቤት ዓይነት እየሰየመ ነው። ስለዚህ ጥምር ቃል ነው፤ ጫናውም ግሪን/ሃውስ ● ○ ነው። አንድ ሰው ቤቱን አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ቢያሳየን ግን የምንለው ሐረግ ነው፤ ዋናው ጫናም ወደ «ሃውስ» ይሄዳል፦ ○ ●። በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መኖሪያ «ዋይት ሃውስ» ● ○ ነው፤ ማንኛውም ነጭ ቤት ግን ○ ●። መፈተሻው «ቬሪ» የሚለውን ቃል ከፊት ማስገባት ነው፦ ሐረግ ከሆነ ይቀበላል፣ ጥምር ቃል ከሆነ ግን ትርጉሙ ይፈርሳል። «በጣም አረንጓዴ ቤት» ማለት ይቻላል፤ «በጣም ግሪንሃውስ» ማለት ግን አይቻልም።

የድምፁን ልዩነት ቀረብ ብለን እናዳምጥ። ጫና ያረፈበት ክፍለ ቃል አራት ነገሮችን ያሟላል፦ ይጎላል፣ ይረዝማል፣ የድምፅ ከፍታው ይለወጣል፣ አናባቢውም ሳይደበዝዝ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ከአራቱ ለጆሮ ጎልቶ የሚሰማው ከፍታው ነው። «ግሪንሃውስ» በጥምር ቃልነቱ ሲጠራ ድምፁ «ግሪን» ላይ ወጥቶ ወዲያው ይወርዳል፤ «ሃውስ» ታች ላይ፣ እንደተኛ ይነገራል፤ ርዝመቱ ግን አይቀንስም። ሐረጉ ሲሆን «ግሪን» ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረው «ሃውስ» ውስጥ ነው። የአማርኛ ክፍለ ቃላት ይህን ያህል የጎላ የከፍታ ልዩነት ስለሌላቸው፣ ሁለቱን ቃላት እኩል አድርገን የመጥራት ልማድ አለን፤ እኩል ሲሆኑ ደግሞ የእንግሊዝኛ ሰሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው ኋለኛው እንደተጫነ ነው። ጥምሩ ቃል ሳናስበው ሐረግ ይሆንብናል ማለት ነው።

ለቋንቋ መምህራን በቅርብ የሚነካቸው ምሳሌ «ኢንግሊሽ ቲቸር» ነው። ኢንግ-ሊሽ/ቲ-ቸር ● · ○ · ተብሎ ሲነገር እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ማለት ነው። ○ · ● · ተብሎ ሲነገር ግን ዜግነቱ እንግሊዛዊ የሆነ መምህር ማለት ይሆናል። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ መምህር በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለተኛውን ቢል ጠያቂው ከሁኔታው ይረዳዋል፤ ሆኖም ራሱን በትክክል ከሙያው ጋር ያስተዋወቀው የመጀመሪያው አጠራር ነው።

«ኢንግ» ብለን የምንጽፈው ቅጥያ ያላቸው ቃላትም በዚሁ ፈተና ያልፋሉ። «ስዊሚንግ ፑል» ለመዋኛ የሚሆን ገንዳ እንጂ የሚዋኝ ገንዳ አይደለም፤ ስለዚህ ስዊ-ሚንግ/ፑል ● · ○ ነው። «ዌይቲንግ ሩም»፣ «ስሊፒንግ ባግ»፣ በልብስ ፋብሪካ በየቀኑ የሚጠራው «ሶዊንግ ማሺን» በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። «የተኛ ሕፃን» ስንል ግን የተኛው ሕፃኑ ራሱ ስለሆነ «ስሊፒንግ ቤቢ» ላይ ዋናው ጫና «ቤ» ላይ ነው።

ደረጃ አራት፦ የፊተኛውን ቃል የራሱን ጫና መጠበቅ

ብዙ መጻሕፍት «ጥምር ስም ላይ ጫናው መጀመሪያ ነው» ብለው ያልፋሉ። አባባሉ ጎደሎ ነው፤ ጫናው የሚያርፈው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ቀድሞውኑ በተጫነው ክፍለ ቃል ላይ ነው። የፊተኛው ቃል አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ሲኖረው ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ሲረዝም ግን ይለያያሉ።

በሆቴል ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች በየቀኑ የሚያነቧቸውን እንይ። «ሆቴል» ብቻውን ሆ-ቴል · ● ስለሆነ «ሆቴል ሩም» ሆ-ቴል/ሩም · ● ○ ይሆናል። «ሪሴፕሽን ዴስክ» ሪ-ሴፕ-ሽን/ዴስክ · ● · ○ ነው። በየኮሪደሩ የተለጠፈው «ኢመርጀንሲ ኤግዚት» ደግሞ ኢ-መር-ጀን-ሲ/ኤግ-ዚት · ● · · ○ · ይሆናል፤ ስድስት ክፍለ ቃል ያለው ቢሆንም ዋናው ጫና አንድ ብቻ ነው፣ «መር» ላይ። «ኮምፒዩተር ሩም»፣ «ፖሊስማን»፣ «ኤክስፕረስዌይ» ሁሉም የሚጀምሩት በደካማ ክፍለ ቃል ነው። የሐዋሳ ጭማቂ ቤቶች የሚያወጡት የአቮካዶ ጁስም ዋና ጫናው መጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ አይደለም፦ አ-ቮ-ካ-ዶ/ጁስ ላይ ዋናው ጫና «ካ» ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የፊተኛውን ቃል ብቻውን ይጥሩ፤ ጫናው የት እንደሆነ በመዝገበ ቃላት ያረጋግጡ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቃል ሲያስከትሉ የፊተኛውን አጠራር ቅንጣት ሳይለውጡ፣ ሁለተኛውን በዝቅተኛ ድምፅ ይጨምሩ።

ደረጃ አምስት፦ ጫናው ወደ ኋላ የሚሄድባቸውን ወገኖች መለየት

አሁን ወደ «ፊሽ ሱፕ» እንመለስ። ፊተኛው ቃል ኋለኛው የተሠራበትን ነገር ሲናገር ጫናው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው ይሄዳል። ከዓሣ የተሠራ ሾርባ፣ «ቺክን ሱፕ»፣ «ቺዝ ሳንድዊች»፣ «አፕል ፓይ»፣ ከምግብ ውጪም «ፔፐር ባግ»፣ «ኮተን ሸርት» እና «ጎልድ ሪንግ» በሙሉ በኋለኛው ይጫናሉ። «ፊሽ ማርኬት» ግን ከዓሣ የተሠራ ገበያ ስላልሆነ በፊተኛው ይጫናል። ከዚህ ሕግ ደግሞ «ጁስ» እና «ኬክ» ያፈነግጣሉ፦ «ማንጎ ጁስ» ከማንጎ የተሠራ ቢሆንም ማን-ጎ/ጁስ ● · ○ ነው፤ «ካሮት ኬክ»ም በፊተኛው ይጫናል። ለምን እነዚህ ሁለት ቃላት ተለዩ ብሎ መከራከር ጊዜ ያባክናል፤ በቃል ቢያዙ ይሻላል።

ቦታና ጊዜን የሚናገር ፊተኛ ቃልም ጫናውን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይልካል፦ «ሲቲ ሴንተር» ላይ «ሴን»፣ «ኪችን ዊንዶው» ላይ «ዊን»፣ «ሰመር ሆሊደይ» ላይ «ሆ»። የመንገድ ስሞች ደግሞ የሚያስገርም ልማድ አላቸው። መጨረሻው «ስትሪት» ከሆነ ጫናው ፊት ላይ ይቀራል፤ የለንደኑ «ኦክስፎርድ ስትሪት» ኦክስ-ፈርድ/ስትሪት ● · ○ ነው። መጨረሻው «ሮድ» ወይም «አቬኑ» ከሆነ ግን ዋናው ጫና ወደዚያ ይሄዳል። እንግዳን በስልክ መንገድ ሲያመላክቱ «ቦሌ ሮድ» ላይ «ሮድ»ን ይጫኑ።

«ኢንዱስትሪያል ፓርክ» ጥምር ቃል አይደለም፤ ቅጽልና ስም ነው። ስለዚህ የሐዋሳውን ኢንዱስትሪ ፓርክ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ ዋናው ጫና «ፓርክ» ላይ ነው። «ካር ፓርክ» ግን ጥምር ስለሆነ ካር/ፓርክ ● ○ ይሆናል። የሁለቱ መጨረሻ አንድ ዓይነት ቃል መሆኑ ለክፍል ውስጥ ልምምድ ጥሩ ጥንድ ያደርጋቸዋል።

ጥምር ቅጽሎችም አብዛኞቹ በኋለኛው ይጫናሉ፤ በተለይ ኋለኛው ክፍል የ«ኢዲ» ቅጥያ ያለው ሲሆን። «ባድ ቴምፐርድ» ባድ/ቴም-ፐርድ ○ ● · ነው፤ «ኦልድ ፋሽንድ»፣ «ሾርት ሳይትድ» ተከታዮቹ ናቸው። በቁጥር የሚጀምሩት እንደ «ሰከንድ ሃንድ» ያሉትም እንዲሁ። ሆኖም እነዚህ ቅጽሎች ከስም በፊት ሲቀመጡ ጫናቸው ወደ ፊት ይሸሻል። «ስልኩ ሰከንድ ሃንድ ነው» ሲባል «ሃንድ» ይጫናል፤ «ሰከንድ ሃንድ ፎን» ሲባል ግን «ሰ» ይበረታና ዋናው ምት «ፎን» ላይ ያርፋል። ሁለት ከባድ ምቶች ጎን ለጎን እንዳይገጥሙ ቋንቋው የሚያደርገው ማስተካከያ ነው። እንደ «ዋተርፕሩፍ»፣ «ሆምሲክ» እና «ካርሲክ» ያሉት በስም የሚጀምሩ ቅጽሎች ግን ፊት ላይ ይጫናሉ። አቅጣጫ፣ ቦታና ጊዜ የሚናገሩት «ዳውንስቴርስ»፣ «ኖርዝ ኢስት» እና «አፍተርኑን» ኋላ ላይ ይጫናሉ።

ግስና ስም የሚፈራረቁባቸው ጥንዶች ለእንግዳ ተቀባይ በጣም ጠቃሚ ናቸው። እንግዳው ሲገባ የሚፈጽመው ድርጊት «ቼክ ኢን» ላይ «ኢን» ይጫናል፤ የአሠራሩ ስም ሲሆን ግን ቼክ/ኢን ● ○ ነው። «ቼክ አውት»፣ «ቴክ ኦፍ»፣ «ብሬክ ዳውን» እና «ወርክ አውት» ሁሉም በዚህ ይለዋወጣሉ። «ኦቨርፍሎው» ደግሞ ስም ሲሆን ኦ-ቨር/ፍሎው ● · ○፣ ግስ ሲሆን ○ · ●። እንደ «አንደርስታንድ» እና «ኦቨርሉክ» ያሉ ግሶች ሁልጊዜ ኋላ ይጫናሉ።

ደረጃ ስድስት፦ ደካማውን ክፍል በልኩ ማዳከም

ሁለተኛ ደረጃ ጫና ያለው ክፍል ዝቅ ይበል እንጂ አይደበዝዝም። «ክላስሩም» ላይ «ሩም» አናባቢው ሙሉ ነው፤ «ኤርፖርት» ላይም «ፖርት» አይቆረጥም። ጥቂት ኋለኛ ክፍሎች ግን ከብዙ አጠቃቀም የተነሣ ሙሉ በሙሉ ደክመዋል። ዋነኛው «ማን» ነው፦ «ፊሸርማን» ፊ-ሸር/መን ● · · ተብሎ ይጠራል፤ በነጠላና በብዙ ቁጥር መካከል በአብዛኛው የድምፅ ልዩነት አይሰማም። «ፖሊስማን» እና «ፖስትማን»ም ይህንኑ ይከተላሉ። «ስኖውማን» ግን አልደከመም፤ ● ○ ሆኖ ቀርቷል። «ብሬክፋስት» እና «ከፕቦርድ» ደግሞ ከጥምርነት ወጥተዋል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው የ«ብሬይክ» ተንሸራታች አናባቢ አጥሮ «ፋስት» ወደ «ፈስት» ወርዷል፤ በሁለተኛው «ፕ» ጠፍቶ ቃሉ «ከበርድ» ሆኗል። እነዚህን እንደ ነጠላ ቃል መያዝ ይሻላል።

ደረጃ ሰባት፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ቃላት ሲጣመሩ

ሦስት ቃላት ሲገናኙ መጀመሪያ የትኞቹ ሁለቱ እንደተጣመሩ ይወስኑ። ጥንዱ ፊት ያለው ከሆነ፣ ያ ጥንድ የነበረው ጫና ባለበት ይቆያል፦ «ፉትቦል» ላይ «ፉት» ተጭኗል፤ «ፉትቦል ቲም» ቢሆንም፣ «ፉትቦል ቲም ካፕተን» ቢሆንም ዋናው ጫና ከ«ፉት» አይነቃነቅም። ጥንዱ ኋላ ያለው ከሆነ ግን ዋናው ጫና ወደ እርሱ ይሄዳል፦ «ሆቴል ስዊሚንግ ፑል» ውስጥ ጥንዱ «ስዊሚንግ ፑል» ስለሆነ ዋናው ምት «ስዊ» ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ትርጉም እንደሚለውጥ የሚያሳየው የታወቀው ምሳሌ «ላይት ሃውስ ኪፐር» ነው። «ላይት» ሲጫን የመርከብ መብራት ማማ ጠባቂ ነው፤ ጥንዱ «ላይትሃውስ» ሆኗልና። «ሃውስ» ሲጫን ግን ጥንዱ «ሃውስኪፐር» ይሆናል፤ «ላይት» ደግሞ የቤት ሠራተኛዋን የሚገልጽ ቅጽል ሆኖ ክብደቷ አነስተኛ የሆነች ማለት ይሆናል። በሆቴል ጽዳት ክፍል የሚሠሩ ሰዎች «ላይት ሃውስኪፒንግ» የሚለውን፣ ማለትም ቀለል ያለውን የቤት ሥራ፣ «ሃውስ»ን ተጭነው መጥራት ይኖርባቸዋል።

ልምምዱ

ከሥራዎ ወይም ከትምህርትዎ ጋር የተያያዙ አሥር ያህል ጥምር ቃላት በደብተር ይጻፉ፤ በየአንዳንዱ መጋጠሚያውን ያስምሩ፣ ክፍለ ቃሉን ይቁጠሩ፣ ምልክቶቹን ከሥሩ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። አብዛኞቹ ለተማሪዎች የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ከተጫነው ክፍለ ቃል በፊት ትንሽ ቀጥ ያለ ጭረት ያደርጋሉ፤ ከላይ ያለችው ዋናውን፣ ከታች ያለችው ሁለተኛውን ጫና ታመለክታለች። ጭረቷ ከክፍለ ቃሉ በኋላ ሳይሆን በፊት መሆኗን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ተለያይተው የሚጻፉት ጥምሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ የድምፅ አጻጻፍ አይሰጣቸውም፤ ጭረቶቹን በራሱ በቃሉ ላይ ይፈልጉ።

ቀጥሎ ቃሉን አፍዎን ዘግተው ያንጎራጉሩት። «ግሪንሃውስ» ሲንጎራጎር ከፍ ያለ «ም» እና ዝቅ ያለ «ም» መሰማት አለበት፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጫናው ገና አልተያዘም። አጠገብዎ ያለ ሰው በማንጎራጎር ብቻ ጥምር ቃሉንና ሐረጉን ለይቶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ከዚያ ቃላቱን በድምፅ ጥርት አድርገው ይጥሩ፤ በዋናው ጫና ላይ ብቻ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ይምቱ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ቃል በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው በስልክዎ ይቅዱ፤ ለብቻው በትክክል የተጠራ ቃል በዓረፍተ ነገር መሐል ወደ እኩል አጠራር መመለስ ይወዳልና።

የብሪታንያና የአሜሪካ አጠራር የሚለያዩባቸው ጥቂት ቃላት ሲያጋጥሙ መደናገር አያስፈልግም። «ዊክኤንድ» በብሪታንያ ብዙውን ጊዜ ○ ●፣ በአሜሪካ ● ○ ነው፤ «አይስ ክሪም»ም በሁለቱም መንገድ ይሰማል። ከሁለቱ አንዱን መርጠው እርሱን ይከተሉ፤ ክፍል የሚያስተምሩ ከሆነም የመረጡትን ለተማሪዎች አስቀድመው ይንገሯቸውና በፈተና እርማት ላይ ሌላኛውን እንደ ስህተት አይቁጠሩባቸው።